ራጁ ንጹህ፣ ትንፋሹ አጭር፦ የአንዲት የደሴ መምህርት የድኅረ ኮቪድ ጉዳይ

ታካሚዋ በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ደሴ ውስጥ በጦሳ ተራራ ግርጌ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ አስም፣ የልብ ሕመምም ሆነ ስኳር የለባትም። ጉዳይዋን የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ትቻለሁ። እንድጽፍ የገፋፋኝ የእሷ ብቻ አይደለም። ከኮቪድ የተረፉ ብዙ ሰዎች ራጅ ተነስተው «ሳንባችሁ ንጹህ ነው» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ትንፋሻቸው ግን እንዳጠረ ነው። ራጁ አልዋሸም፤ እነሱም አልዋሹም። ሕመምተኛው የሚጠይቀው ሳንባው ሥራውን ይሠራ እንደሆነ ነው፤ ራጁ የሚመልሰው ግን የሳንባው ቅርጽ ምን እንደሚመስል ነው።

ሕመሙ የጀመራት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ከተመዘገበ ዓመት ሆኖት፣ በሽታው ዳግም የበረታበት ወቅት ነው። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ከዚያም ትንፋሽ ማጠር ተከታተሉ። ምርመራው ቫይረሱን አሳየ፤ ሆስፒታል ተኝታ ከሳምንት በላይ በጭንብል ኦክስጅን ተሰጣት፤ የሳንባ መቆጣትን የሚያበርደውን ዴክሳሜታዞንና ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ሄፓሪን አገኘች። ያን ጊዜ የተነሳችው ራጅ በሁለቱም ሳንባዎቿ ታችኛ ክፍል የተበታተነ ነጭ ጥላ ነበረበት። መተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ሳትገባ ድና ወጣች።

እኔ ዘንድ የመጣችው ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ ላይ ነው። አዲስ የተነሳችውን ራጅ ይዛለች፤ ጥላው ጠፍቷል። ባለቤቷም አብሮ መጥቷል። በወሎ ሰው አንደበት «አብሽሪ፣ ራጁ ንጹህ ነው ብለዋል እኮ» እያለ ያጽናናታል፤ ማጽናናቱም ከልቡ ነው። እሷ ግን፣ «ዶክተር፣ ቁጭ ብዬ ደህና ነኝ። ዳገቱን ስጀምር ያፍነኛል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ መናገር አቅቶኛል» አለችኝ። ዘመዶቿ ጭንቀት ነው ማለት ጀምረዋል። ጸበልም ዱዓም ተመክሮላታል፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይመከራሉ።

በደረቷ ላይ በማዳመጫ የሰማሁት የተለየ ድምፅ የለም። እግሯ አላበጠም። ቁጭ ብላ ጣቷ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ 92 በመቶ አነበበ።

ይህ ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላሉ አገሮች በተጻፈ መመሪያ ቢታይ ዝቅተኛ ይባላል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ወደ ሳንባችን የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጤነኛ ሰው ላይም 92 ወይም 93 ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ 92 ብቻውን ሕመም ነው ለማለትም፣ ደህና ነው ለማለትም አያበቃም። መለኪያው ራሱም የሚስትባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ጥፍር ሲቀባ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እጇን አሙቀን፣ ቀለም በሌለበት ጣት ላይ ደግመን ለካን፤ ያው 92 ሆነ።

ከዚያ አስነስተን አስኬድናት። የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ ብዙ ነገር አይፈልግም፦ 30 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ኮሪደር፣ ሰዓት፣ የጣት መለኪያና አብሮ የሚሄድ ነርስ። በስድስት ደቂቃ 340 ሜትር ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች፤ ኦክስጅኗ ወደ 84 ወረደ። አራት ነጥብና ከዚያ በላይ መውረድ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው፤ የእሷ ስምንት ነጥብ ነው። ጭንቀት ትንፋሽ ያፋጥናል፤ ልብንም ያስመታል። በጭንቀት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ኦክስጅን ግን ወደ ላይ ይወጣል እንጂ እንዲህ አይወርድም። ለባለቤቷ ቁጥሮቹን አሳየሁት። «ታዲያ ራጁ?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

ራጁ ለምን አላየውም?

ሳንባ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ የአየር ከረጢቶች አሉ፤ የአንዱ ስፋት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የከረጢቱን አየር ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት በዚያ ግድግዳ አጠገብ፣ እንደ እነሱ በጠበቡ ደም ሥሮች ተጨናንቀው ያልፋሉ። ኮቪድ የሚጎዳው ይህንኑ ስፍራ ነው፦ ግድግዳውን ያወፍራል፣ ጥቃቅን ደም ሥሮችን በረጋ ደም ይዘጋል፣ አየር ወደ ከረጢቶቹ የሚያደርሱትን ከሁለት ሚሊ ሜትር የጠበቡ ቱቦዎች ያቆስላል። ራጅ የደረትን ሙሉ ውፍረት በአንድ ገጽ ላይ ደርቦ የሚያሳይ ጥላ ነው። ሳንባን በስስ ገጽታዎች ከፋፍሎ የሚያሳየው ሲቲ ስካን በጣም ይሻላል፤ ግን በጥሩ መሣሪያም አንዷ የምስል ነጥብ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት አላት፤ በውስጧ ብዙ ከረጢቶች ያድራሉ። ከዚያች ነጥብ በሺህ እጥፍ የቀጠነ ግድግዳ መወፈሩን በዓይን ለማየት መጠበቅ ከመሣሪያው አቅም በላይ መጠየቅ ነው።

ሌላም አለ። ራጅም ሆነ የተለመደው ሲቲ ስካን የሚነሳው ሰውየው አየር ስቦ፣ ይዞ፣ ሳይንቀሳቀስ ነው። መተንፈስ ግን እንቅስቃሴ ነው። የወፍጮ ቤት ፎቶ ድንጋዩ መኖሩንና አለመሰንጠቁን ያሳያል፤ እህሉ እየተፈጨ መሆኑን አይነግርም።

ከፍታው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ቁጭ ባልንበት አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በሳንባው ጥቃቅን ደም ሥር ውስጥ ለማለፍ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጤነኛ ሳንባ ኦክስጅኑን ለመጫን የሚያስፈልገው የዚያን ሲሶ ብቻ ነው፤ ትርፍ ጊዜ አለው። ስንሮጥ ወይም ዳገት ስንወጣ ደሙ ይፈጥናል፤ ጊዜው ወደ ሩብ ሰከንድ ይጠጋል፤ ትርፉ ያልቃል። ግድግዳው የወፈረ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። ደሴ ላይ ኦክስጅኑን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ራሱ ስለሚያንስ፣ ቁጭ ሲባል የተሸፈነው ጉድለት በዳገት ወዲያው ይወጣል። የጦሳ ዳገት ለእሷ ከማንኛችንም መሣሪያ ቀድሞ መርምሯታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ምን ፈለግን፣ ምን አገኘን?

ከምስል በፊት ቀላሉን አጣራን። የደም ማነስ የለባትም፤ ሄሞግሎቢኗ 13.8 ነበር። ሳሉ ቆይቶባት ስለነበር አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ከቲቢ ነጻ ሆነ፤ በእኛ አገር ይህን መዝለል አይቻልም። የልብ አልትራሳውንድ የልቧን አቅም ጥሩ፣ የቀኝ ልቧንም ግፊት ከፍ ያላለ አድርጎ አሳየ። ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በኃይል ተንፍሶ የሚወጣውን አየር የሚለካው ምርመራ፣ ከሚጠበቀው 84 በመቶ ሰጠ፤ በልኩ ውስጥ ነው። የጋዝ ዝውውርን በቀጥታ የሚለካውን፣ በጥቂት የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን ምርመራ ልናገኝላት አልቻልንም። እሱ ቢኖር ኖሮ ቀጥሎ የምጽፈው ግማሹ ባላስፈለገ።

የሳንባ አልትራሳውንድ አደረግንላት፤ ሆስፒታል ሳለች ከታች በኩል ይታዩ የነበሩት፣ የሳንባ ጠርዝ በፈሳሽ መወጠሩን የሚያሳዩት ቀጥ ያሉ መስመሮች ጠፍተዋል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ግን አልትራሳውንድ ከሳንባው ላይኛ ሽፋን በታች አየር ባለበት አያልፍም፤ ስለ ውስጡ ዝም ይላል።

ሲቲ ስካን ለማዘዝ የወሰንኩት እዚህ ላይ ነው፤ ትዕዛዙም እንደ ወትሮው «የደረት ሲቲ» ተብሎ እንዳይሄድ ፈለግሁ። የሲቲ ስካን ጨረር ከአንድ ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ያንን ጨረር የሚቀበል ሰው ቢያንስ ግልጽ ጥያቄ ይገባዋል። ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም፣ ለራዲዮሎጂስቱ፣ ደወልኩለት፤ በወረቀቱ ላይም እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከኮቪድ በኋላ አራተኛ ወር፤ ራጅ ንጹህ፤ በእግር ጉዞ ኦክስጅን ከ92 ወደ 84 ይወርዳል። የረጋ ደም አለ? ጠባሳ አለ? አየር ይታፈናል? እባክህ አየር አውጥታም አንሳልኝ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ቁም ነገሩን ያመጣችው።

ጤነኛ ሳንባ አየር ሲወጣለት ጠቅጠቅ ይላል፤ በምስሉም ላይ ነጣ ይላል። ጥቃቅን ቱቦዎቹ የተጎዱበት ክፍል ግን አየሩን ማውጣት ያቅተዋል፤ ዙሪያው ሲነጣ እሱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አየር ስቦ በተነሳ ምስል ላይ ሁለቱ አይለዩም። ችግሩ ብዙ ሰው በትክክል አያወጣም። ባለሙያዋ ገና መሣሪያው ሳይነሳ አልጋው ላይ አስተኝታ አለማመደቻት፦ «አየር ሳቢ… ያዢ… አሁን አውጪ፣ አውጪ፣ ጨርሰሽ አውጪ… ያዢ።» ጨርሶ መውጣቱ የሚታወቀው በዋናው የአየር ቧንቧ ነው፤ የኋላ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገባል ወይም ዝርግ ይሆናል። ክብ ሆኖ ከቀረ ሰውየው አልጨረሰም፤ ምስሉም ለዚህ ጥያቄ አይረባም። የእሷ ዝርግ ሆኖ ወጣ። ይህን ልምምድ ለማስጨረስ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና ሰው የሚያከብር ቋንቋ ነው፤ ባለሙያዋን ዛሬም አመሰግናታለሁ።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። በትላልቆቹና በመካከለኞቹ የሳንባ ደም ሥሮች የረጋ ደም የለም። ሳንባን የሚያኮማትር፣ ቱቦዎችን የሚጎትት ጠባሳ የለም። በታችኞቹ ክፍሎች ራዲዮሎጂስቶች ግራውንድ ግላስ የሚሉት ጭጋግ መሰል ጥላ በጣም ደብዝዞ እዚህም እዚያም ቀርቷል። አየር ወጥቶ በተነሳው ምስል ላይ ግን በሁለቱም ታችኛ ክፍሎች ጥቁር ነቁጦች ሰፋ ብለው ተገኙ። ጥቂት እንዲህ ዓይነት ነቁጥ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል፤ የእሷ ከዚያ አለፍ ያለ ነው።

የታፈነው አየር የወረደውን ኦክስጅን ሁሉ ያብራራል? እኔ አይመስለኝም። አየር በደንብ በማይደርስበት የሚያልፍ ደም ኦክስጅን ሳይጭን ይመለሳል፤ ይህ ከፊሉን ያብራራል። የቀረው በግድግዳው ወይም በዓይን በማይታዩት ደም ሥሮች ላይ ያለ ጉዳት እንደሆነ አምናለሁ፤ ሲቲ ስካኑ ግን ይህን ሊያረጋግጥልኝ አይችልም።

ሌላ ቦታ የታየው

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተሞከረው መንገድ አስደናቂ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በመግነጢስ ምስል የሚያነሳው ተራው ኤምአርአይ የሚሠራው በአብዛኛው በውሃ ውስጥ ባለው ሃይድሮጂን ስለሆነ፣ በአየር የተሞላ ሳንባ ለእሱ ጨለማ ነው። ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች ዜኖን የተባለውን ጋዝ ተጠቀሙ። ጋዙ በሌዘር ተዘጋጅቶ መግነጢሳዊ ምልክቱ በብዙ ሺህ እጥፍ ይጎላል፤ ታካሚው አንድ ጊዜ ስቦ ለጥቂት ሰከንዶች ይይዛል። ዜኖን እንደ ኦክስጅን ግድግዳውን አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ምልክቱም በከረጢቱ ውስጥ፣ በግድግዳውና በቀይ የደም ሕዋሱ ውስጥ ሲሆን የተለያየ ነው። ስለዚህ ጋዙ የት ደርሶ የት እንደተገታ በሥዕል ይወጣል። ጨረርም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ኮቪድ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 9 ሰዎችን አዩ፤ ከወጡ ወራት አልፏቸዋል፤ ሲቲ ስካናቸው ጤነኛ ወይም ለጤነኛ የቀረበ ነው። ዜኖኑ ግን ወደ ቀይ የደም ሕዋሳቱ የሚገባው ከጤነኞቹ ባነሰ መጠን ነበር። ዘጠኝ ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ባልተኙ ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋዙን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ፈቅዶታል፤ ፈቃዱ አየር በሳንባ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ለማየት ነው።

ዜኖን ወደ ደሴ መቼ እንደሚመጣ ለመተንበይ አልነሳሁም። ለእኛ የሚጠቅመው ግኝቱ ነው፦ ንጹህ ምስል ይዞ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሰው ሊታመን ይገባዋል። ለመምህርቷ ስለ ጥናቱ ስነግራት አለቀሰች። «ስለዚህ አላበድኩም» አለች።

ከዚያ በኋላ

መድኃኒት ብዙ አልነበረኝም። የሚነፋ መድኃኒት፣ እኛ ፓፍ የምንለውን፣ ለጥቂት ሳምንታት ሞከርንላት፤ ለውጥ ስላላመጣ አቆምነው። የሠራው ቀስ ብሎ የሚጨምር የእግር ጉዞ ነው፤ መለኪያው ጣቷ ላይ ሆኖ፣ ከ88 ሲወርድ ቆማ እያረፈች። ከሰል የሚቀጣጠልበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ተወች፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ ጀመር።

ክረምቱን ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ከረመች። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ነው። እዚያ ቁጭ ብላ 95፣ ሄዳ 89 ለካች። ቤተሰቡ ቆላው አዳናት አለ፤ በእርግጥ ተሽሏት ነበር፤ ሆኖም ወደ ደሴ ተመልሳ ስትሄድ 85 ወረደ። ሳንባዋ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። እንዲህ ዓይነት ታካሚ ስትከታተሉ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የተለካበትን ቦታ አብራችሁ ጻፉ። ኮምቦልቻ የተለካውን ከደሴው ጋር ማወዳደር የሌለ መሻሻል ወይም የሌለ መባባስ ይፈጥራል።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እሷም እንደ ብዙው ሰው ልጆቿን ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደች፤ ከደሴ የበለጠ ከፍታ፣ 2,800 ሜትር ገደማ። ከታኅሣሥ በኋላ ስንገናኝ እዚያ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ እያጣች ቁጭ ብላ ታድር እንደነበር ነገረችኝ። በአካባቢው ጤና ተቋማት ብዙ መሣሪያ ተዘርፎና ተሰባብሮ ነበር። ሲቲ ስካን የሚታሰብ አልነበረም። የቀረን የጣት መለኪያና ኮሪደር ነው፤ በእነሱ ቀጠልን። 395 ሜትር፣ ዝቅተኛው 86። ከወራት በኋላ 420 ሜትር፣ 87። ሕመሙ ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን 455 ሜትር ሄደች፤ ሳታርፍ፤ ኦክስጅኗም ከ89 በታች አልወረደም።

ሲቲ ስካኑ ይደገም ወይ የሚለውን ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ተነጋገርንበት፤ አልደገምነውም። ጉዞዋ እየረዘመ፣ ኦክስጅኗ እየወጣ ሳለ ምስሉ ምንም ቢያሳይ የምናደርገው አይለወጥም ነበር። ብትባባስ፣ ደም ብትተፋ፣ እግሯ ቢያብጥ ወይም ቁጥሩ በዚያው በደሴ ተመልሶ ቢወርድ ግን በዚያው ቀን ሲቲ ስካን ትነሳለች፤ ይህንንም በካርዷ ላይ ጽፈነዋል። አሁን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች፤ የጦሳን ዳገት አንድ ቦታ ቆማ ትወጣዋለች፤ በየስድስት ወሩ መጥታ በዚያው ኮሪደር ትሄዳለች።